ፍቺ የሌለው መደርደሪያ

ኢኬቡኩሮ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ጠባቧን ደረጃ ሲወጡ፣
ያገለገሉ ማንጋዎች አሉ፣ ጌታቸውን ያጡ።
ዝናብ ሲበረታ
ጣሪያው ከእኛ ጋር ያነባል።

ሥራዬ ስም መጻፍ ነው፤
በካርቶን፣ በወፍራም ቀለም፣
የፍቅርን ዘር ለይቶ መሰየም፦
«ዩሪ»፣ ነጭ አበባ፣ ሴት ሴትን ስትወድ፤
«ባራ»፣ ጽጌረዳ፣ ወንድ ከነጢሙ ለወንድ፤
«ጁንአይ»፣ ንጹሕ ፍቅር፣
እስከ አሥረኛው ቅጽ ጣት ከጣት ሳይነካ
በመተያየት ብቻ የሚኖር።

ባለሱቁ አቶ ኩራሞቺ፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው፣
ሱቁን ከሚስታቸው ወረሱት እንጂ
መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም ራሳቸው።
ከዩሪዎቹ መሐል አንድ ቀን
የአበባ አተካከል መመሪያ አገኘሁ፤
«አበባ ከአበባ ጋር» አሉኝ።
አልሳቅሁም። እዚያው ተውኩት።
እስከ ዛሬ አልተሸጠም።

ማክሰኞ ማታ ከቢሮ ወጥተው
ሁለት ሴቶች መጡ፤
ወንዶች የሚዋደዱበትን መደርደሪያ ጠየቁ፤
«እኛ የበሰበስን ነን» ብለው
አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤
እንዲህ ነው ራሳቸውን የሚጠሩት፣ የዚህ ንባብ ሱሰኞች።
ሽማግሌው ግን ፎጣ ይዘው ብቅ አሉ፣
«አይ የዘንድሮ ዝናብ!» እያሉ።
ሴቶቹ ተያዩ።
ፎጣውን በሁለት እጅ ተቀበሉ፤
ደረቅ ፀጉራቸውን
ቀስ ብለው አደረቁ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣
«ይህቺስ፣ "ያኦይ" ያልሽው?»
የሦስት ቃላት ራስ ራስ ነው፣ አልኩ፦
ጫፍ የለው፣
መቋጫ የለው፣
ፍቺ የለው።
ድሮ ሴቶች በገዛ ሥራቸው ሲያሾፉ ያወጡት፤
መዋደድ ብቻ እንጂ ታሪክ ያላበጁለት።

ዝም አሉ። ጣታቸውን አጠፉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
«ከኪኑዬ ጋር አርባ ሁለት ዓመት፤
ጫፍ የሚባል ቀን አላስታውስም።
ጃንጥላውን ትወረውርልኛለች፣
"ብትበሰብስ የራስህ ጉዳይ!"
መንገድ ላይ ስዘረጋው
ደረቅ ካልሲ ይወድቃል፣ ከውስጡ።»

(ለዚህም ስም አለን፤ ትሱንደሬ፤
ፊት አዙሮ መቅለጥ።
አልነገርኳቸውም።)

«መቋጫም አልነበረው፤
ሩዝ ልታጥብ ተነሣች፣
ውኃው ሲፈስ ሰማሁት፣
ሲፈስ ቆየ።»

ቆይተው፣
«ፍቺም የለው» አሉ፤
«አንድ ቀን እንኳ
አልጠየቀችኝም።»

ካርቶን ቆረጥኩ፤ ቀለሙን ከፈትኩ።
«የየትኛው መደርደሪያ ልበለው?»
«ጃንጥላዎቹ ጋ» አሉኝ።

አሁን በሩ አጠገብ
የኪኑዬ የሽያጭ ደብተር አለ፤
ጠርዙ ትንሽ በስብሷል፤
ዋጋ አልተጻፈበትም።