ተራ ቁጥር

ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡሴን ሳቆም
ከደጇ ፊት ለፊት
አንድ ቀን አልገባሁ፣ አንድ ቀን አልቀመስኩ፤
በሽታ ነው የማውቃት።

ከሰልከርክ ጥግ ላይ የሚሳፈረው ሰው
በቡኒ ወረቀት የጠቀለለውን በጉያው ደብቆ፣
ነጭ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ፣ የታጠነ ሥጋ
ቲኬት ሳይቆርጥ ይገባል፣ እስከ ኋላ ወንበር ይነጉዳል ዘልቆ።
የዊኒፔግ ጥር ሠላሳ ከዜሮ በታች ወርዶ
መስኮቴ ሲታሸግ በበረዶ፣
የመሥሪያ ቤቴ ማሞቂያ እንደ ልማዱ ሲለግም፣
ያ ጠረን ነው ያሞቀኝ፤
በሽታም ሆነብኝ።
ግን ፕሮግራም አለ፤ አርባ አንድ ፌርማታ፤
ሾፌር ሳንድዊች ሲገዛ የትኛው መንገደኛ ቆሞ ይጠብቀኝ?

እውነት ከተወራ ሰዓቱ ሰበብ ነው።
አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና፤
ከዩክሬን ገጠር በመርከብ መጥቶ
ከዚሁ ጎዳና ማዶ ቤት ሠርቶ፣
በዚያች ደጅ ባለፈ ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ
"የእነሱ ናት" ይል ነበር። አይቆጣም፣ አይሳደብም፤
ልክ "መንገዱ ያዳልጣል" እንደሚል ሰው።
ልጅ ሆኜ እንዳይጥለኝ ፈራሁ፤
ጎልምሼ፣ መሪ ጨብጬ፣ ፍርሃቱን ረሳሁ፤
እግሬን ግን አላነሳሁ።

ማክሰኞ ጡረታ ወጣሁ።
የእጅ ሰዓት ሸለሙኝ። ለእኔ፣ ሰዓት!
ረቡዕ ጠዋት
እንደ ማንም መንገደኛ ሳንቲም ቆጥሬ ተሳፍሬ
ከደጇ ወረድኩ፤ ገፋሁት በሩን።
ደወል ጮኸ፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ፣
ሁሉም መልሶ ነከረ ማንኪያውን።

ከበሩ አጠገብ፣ ከቀይ ማሽን አፍ
ብጣሽ ወረቀት ሳብኩ፦ ሰማንያ ሰባት።
ስንቱን በተራ አሳፍሬ፣ ስንቱን በተራ አውርጄ፣
ተራ ሰው ነኝና ተራዬን ያዝኩ
በስተመጨረሻ፣ በዕድሜዬ ስድሳ አራት።

"ሚርና" ይላል ደረቷ ላይ የተሰፋው ጨርቅ።
ሰባን ያለፈች ትመስላለች፤ ቢላዋዋ ግን ገና ጎረምሳ ነው።
"ኮሸር ነው?" አልኳት፣ አዋቂ ልምሰል ብዬ።
ቀና ሳትል፦ "ማንበብ ትችላለህ? 'የአይሁድ ዓይነት' ነው የሚለው።
አባቴ ከምኩራቡ ኮበለለ፤ ከጨው መኮብለል ግን አቃተው።"

ኋላ ግን ቀና አለች። ቢላዋው ቆመ።
"አሥራ አምስት ቁጥር!" አለች። "አንተ አሥራ አምስት ቁጥር ነህ!"
ወረቀቴን አየሁና፣ "ኧረ ሰማንያ ሰባት ነኝ" አልኳት።
"አውቶቡሱን ነው የምልህ!
ጠዋት ጠዋት አንገቱን እንደ ዝይ ወደ እኛ የሚያሰግገው።"

ከራሷ በላይ፣ ከመደርደሪያው፣ የኪያር ጠርሙስ አለ፤
ኪያር የለበትም፤ የተጣጠፈ ዶላር ሞልቶታል።
"ወንድሜ ሸልደን 'አንድ ቀን ይገባል' ይል ነበር፤
እኔ 'አይገባም'። በየዓመቱ አምስት፣ አምስት።
እስከ ዛሬ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ" አለች።
"እሱስ የታለ?" ስላት፣
"ባለፈው ኅዳር" አለች፤
የቀረውን ለሥጋው ነገረችው፣ በስሱ እየቆረጠች።
ቁርጡን አወቅሁ።

መጣ፦ ጥቁር ዳቦ፣ ጢስ የጠጣ ፍርምባ፣
ቁንዶ በርበሬ ጠርዝ ጠርዙን ያጠቆረው።
ስቡ ምላሴ ላይ እንደ ሚያዝያ በረዶ
ማንም ሳያዘው ለቀቀ፤
ኪያሩ ግን ጮኸብኝ፣ እንደ ስምሪት አለቃ።
ከጎኑ ቀይ ሥር ሾርባ፣ መሐሉ ላይ አንድ ማንኪያ እርጎ፣
ከላዩ እንስላል፤
የእናቴ እንስላል፣ "በእነሱ" ሳህን።
ማንኪያዬን ትንሽ አስቀመጥኩ።
ማዶ፣ ያደግሁበት ቤት፣ ከዚህ ወንበር ይታያል።

ልከፍል ስል እንቢ አለችኝ። ጠርሙሱን አውርዳ
ከፊቴ ገለበጠችው።
"የሸልደን ነው፤ እሱ ይጋብዝህ።
እኔ የሞተ ሰው ዕዳ አልበላም።"

በእጅጌዬ የመስታወቱን ላብ ጠረግሁ።
አሥራ አምስት ቁጥር ቆሟል፤ መሪው ላይ አንዲት ወጣት፣ አዲስ፤
አንገቷን ወደ እኛ አሰገገች፣ በሩን ዘጋች፣ ሄደች።
"ትገባለች" አልኩ።
ሚርና ቢላዋዋን ሳታቆም፦
"ስንት ታስይዛለህ?"