የሞተችው «ም»

ዊኒፔግ፣ ፖርቴጅ ጎዳና ላይ፣ ከአውቶቡሱ ማቆሚያ በስተግራ፣
ሮዴል የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ መስኮቱ ሌት ተቀን የሚያበራ።
ሦስተኛ ቅዳሜዬ ነው። ጓንቴን አውልቄ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣
ቁልፎቹን ዳብሼ፣ ዋጋውን አንብቤ፣ ወጣሁ መልሼ ዘግቼ።

«መጋቢት ላይ አዲስ ይመጣል» አለኝ ሮዴል በሹክሹክታ፣
«ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ ባትሪው ይቆያል ከጠዋት እስከ ማታ።»
የሚሸጥ ሰው «አትግዛ» ሲል ሰምቼ አላውቅም በዕድሜዬ፤
አመንኩት። ካርዴን መለስኩት ወደ ቦርሳዬ።

ቤት ያለው ዘጠኝ ዓመቱ። ማጠፊያው በፕላስተር ታስሯል፤
ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ጭን ላይ ሲያኖሩት ይፋጃል፤
ባትሪው አሥራ አንድ ደቂቃ፤ ከዚያ ገመድ፣ ከዚያ ጸሎት።
ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ኅዳር ላይ ግን፣ አንድ ሌሊት፣
ከአረጋውያኑ ቤት በር፣ ከጥበቃ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣
የሒሳብ ትምህርቴን ስጽፍ፣ እንቅልፌን በሻይ አፍኜ፣
«ም» ሞተች።

ብጫናት፣ ባሻት፣ በመርፌ ሥሯን ብፈትሽ፣ ዝም።
(«ዝም» ራሱ እንኳ ያለ እሷ አይጻፍም።)
መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ በአንድ ቁልፍ ሥር ይኖሩ ነበርና፣
ሰባቱም ቤተሰብ ተከተሏት፣ አንድ ሳይቀር፣ በአንድ ጎዳና።
«ምናልባት» ራሱን አጣ። «ሰላም» መጨረሻውን።
«ሞት» መቅረቱ ደስ ባለኝ፤ ግን አስከትሎ ሄደ ደመወዙን።

በወጪ ሠንጠረዤ ጥግ፣ «ማስታወሻ» ከሚለው ዓምድ ሥር፣
«አልጠብቅም» ብዬ ልጽፍ፣ ቆርጬ፣ ፊደል ስደረድር፣
የወጣው፦ «አልጠብቅ»።
አየሁት። ቁርጡ ነገር ልመና ሆኖ ቁጭ።
አልጠብቅ? ብጠብቅስ? መጋቢት እኮ እዚህ ነው።
አሮጌው ማሽን ይሆን፣ በእኔው ጣት፣ በእኔው ቃል፣
ዕድሜ የሚለምነው?

ወዳጄ ገዙ ይባላል። ስሙ ገዙ፤ አንዲትም ላፕቶፕ አልገዛ።
(ይህችኛዋን «ም» የተውኳት እኔ ነኝ፤ ለእሱ ስትበዛ።)
ሴት ልጁ ስትወለድ ነው «የሚቀጥለውን» ያለው፤
ዘንድሮ የወተት ጥርሷ ወለቀ፤ እሱ ገና እያወዳደረ ነው።
«ቀስ በቀስ እንቁላል...» ይለኛል። እንቁላሉማ እግር አውጥቶ፣
ሄዶ፣ ደርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ በረንዳ ያለው ቤት ገዝቶ፣
እኛ እዚሁ ነን፣ ቅርፊቱን ይዘን።

ስንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፦
«ያኔ ስንመጣ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን፣ ካፖርት የገዛነው
የሚቀጥለው ዓመት ፋሽን እስኪወጣ ጠብቀን ነው?»

ማክሰኞ ከፈተና ቢሮ ደብዳቤ መጣ፦ «ውድ ኢትኩ፣
ምዝገባዎን ተቀብለናል።» ኢትኩ ማነው? እኔ ምትኩ!
አባቴ ከእኔ በፊት ላለፈው ልጅ ምትክ ብሎ ያወጣልኝ ስም
በአንዲት ቁልፍ ተሸረፈ። ከዚህ ወዲያ አልጠብቅም።

«ሦስት ሳምንት እኮ ነው የቀረው» አለ ሮዴል፣ ካርዴን እያየ።
«አውቃለሁ» አልኩት። በረዶው ማንን ቆየ?

ያን ሌሊት፣ ከጥበቃው ወንበር፣ ምንም ከማጥናቴ በፊት፣
አንድ ሙሉ መስመር ጻፍኩ፦ ምምምምምም፣
እናቱን እንዳገኘ ጥጃ።
አንዲት አሮጊት በሌሊት ልብሷ ወጥታ «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ።
አስረድቼ አልዘልቀውም፤ «ቁልፍ አገኘሁ» አልኳት።

አዲሱ መጋቢት ላይ መጣ። የእውነት ይፈጥናል። የእውነት ይቀላል።
ሮዴል መስኮቱ ላይ ሰቅሎታል፤ አውቶቡስ ስጠብቅ ያየኛል።
ቤት ገብቼ፣ «ማስታወሻ» ከሚለው ዓምድ፦ «አልጸጸትም»።
አለች፤ መጨረሻው ላይ፣ ሙሉ፣ ጥቁር፣ እንደ ማኅተም።
ጣቴ ወደ መሰረዣው ሄደ፣ እንዲያው ለማየት፤ ነካሁት፦
«አልጸጸት»።
ትንሽ ቆየሁ።
ከዚያ መለስኳት።