ግማሽ ሚሊሜትር

ትንሿን ልግዛ ወይ፣ ባለ ሁለት ምላጭ፣
ዋጋዋ የሚቀል፣ ጩኸቷ ጆሮ ገማጭ?
ወይስ ትልቋን፣ ባለ ሦስት ስለት፣
ሁለት ሰው ካልያዛት የማትነሣ ከመሬት?
ሦስት ወር በሙሉ እንዲህ አመነታሁ፣
የፌልትሬን ክረምት በስሌት ፈጀሁ።

ሌሊቱን ፋብሪካ፣ የሰው ሰው መነጽር
ጠርዙን ሳስተካክል፣ ጭረቱን ስቆጥር፣
ልቤ ጋራዥ ሄዶ ሳንቃ ሲደረድር፣
ይነጋል።

ከድልድዩ ማዶ፣ ከመሣሪያ መደብር
ገባሁ አንድ ማክሰኞ። ጣልያንኛዬ ምን ይናገር?
ያልተላገ እንጨት ነው፣ ከንፈር የሚሰነጥር።
እጄን አወናጨፍሁ፤ እንዲህ... እንዲህ... ወደ ፊት።
ሽማግሌው ባለ ሱቅ፣ ሲኞር ዳል ፖንት፣
ካውያ አሳየኝ፣ የልብስ፤ ቀጥሎም ኮት መስቀያ።
ያኔ ነው ከአፌ ያመለጠኝ ያ
ኮምቦልቻ፣ ከጋሽ ቢልልኝ አናጢ ቤት፣
ሙጫ ሳቀልጥ በልጅነት
የለመድሁት ቃል፦ «ፒያላ።»

ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።
«ፒያላ!»
«ሰጋቱራስ?» አልሁት፣ ወለሉን እያሳየሁ።
«ሰጋቱራ!» አለ።

ዕድሜ ልኬን የኛ ነው ያልሁት ቃል
ለካ የእሱም ኖሯል፤ በጋሽ ቢልልኝ ምላስ
ተልጎ፣ ተልጎ ነው እንዲህ የሚለሰልስ።
በምን መንገድ ሄደ፣ ማን ነው ያደረሰው፣
እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አላነሣው።
የተዋስነውን ቃል ለባለቤቱ መለስሁለት፤
ሃያ ዩሮ ቀነሰልኝ፣ በዚያ ይሁን በሌላ ምክንያት።

ትንሿን ወሰድሁ። ጋራዤ ጠባብ ነው። ወገቤም ወገብ አይደለ።
ሲያስረክበኝ ጣቱን ቀሰረ፣ ቀስ እያለ፦

«ጠማማን አታቀናም። ጠማማ ብትሰጣት
ቀጭን ጠማማ ነው የምትሰጥህ፤ አትውቀሳት።
የሥሩ ገጽ ይቅና በእጅህ፣ በቅድሚያ፣
ከዚያ ነው የላዩ የሚሆን የእሱ አምሳያ።
ብዙ አትጎምጅ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ይብቃህ በአንድ ዙር፤
የቸኮለ አይልግም፤ ይቦጭቃል ከሥር።
የእንጨቱን ጸጉር እይ፤ ድመትን ከጅራቷ
ወደ ራስ ብትዳብሳት ይመጣል መዓቷ።
መጨረሻ ላይ ደግሞ ጫፉን ነከስ ታደርጋለች፤
ስንዝር አስረዝመህ ቁረጥ፣ የድርሻዋን ትብላ፣ ደክማለች።»

የመጀመሪያው ቀን፣ ቀትር አልፎ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣
ሰፈሩ በሙሉ ምሳ በልቶ ሲያንቀላፋ፣ ሳላይ
ለኮስኋት። ምድር ጮኸች። ሲኞራ ኦርኔላ
በነጠላ ጫማ መጣች፣ ግማሽ ጸጉሯን ጠቅልላ።
ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን ወደ ታች ወረደ፣
ፍቅፋቂው ተቆልሎ ቁርጭምጭሚቴን ወደ ጋረደ።
«ደረቅ ነው?» አለች፣ እፍኝ ዘግና፤ «ጥንቸል አለኝ፣ አሥር።»
ውላችን ይኸው ነው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጸጥታ፤ ቅዳሜ ከረጢት ከበሯ ሥር።

ሳንቃው ከፈረሰ የሣር ጎተራ የወጣ ጥድ ነው።
አንድ ዙር አሳለፍሁት፦ ጥላሸቱ ሳሳ።
ሁለተኛ፦ ማር የመሰለ መስመር ተነሣ።
ሦስተኛው ላይ ደኑ ሸተተኝ፣ ከመቶ ዓመቱ ሬሳ።
አራተኛው ላይ፣
ቀጭ!
ሚስማር። አንገቱ የተቆረጠ፣ ከውስጥ የተቀበረ፤
መፈተሻው ማግኔት ኪሴ ውስጥ ነበረ።
ከምላጩ የስንዴ ቅንጣት ታህል ተሸርፎ በረረ።

ከዚያ ወዲህ የወጣ ሳንቃ፣ ከዳር እስከ ዳር፣
አንዲት ጸጉር የምታህል ይዞ ይወጣል ሸንተረር።
በልጄ በአርሴማ ጠረጴዛ ላይ አለች፣ መሐሉን አቋርጣ።
(ጠረጴዛው፣ አልደብቅም፣ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል፤
ያ የምላጩ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው።)

«ይህ ምንድን ነው?» አለች፣ በጣቷ እየተከተለች።
«ሚስማሩ ነው» አልኋት።
«ከፍታዋ ስንት ነው?» ከቤት ሥራዋ ቀና ሳትል፣ ሳትነሣ።
«ግማሽ ሚሊሜትር አትሞላም። አዲስ ምላጭ አለኝ፤ ላንሣ?»
ዝም አለች። እርሳሷን አጋድማ አስደገፈችባት፤
ወደ መስኮቱ ሊንከባለል ሲል፣ ሸንተረሯ ያዘችላት።