የሰኞ ሞተር

ከባቲ መውጫ ላይ፣ በሚሌ መንገድ ዳር፣
የጋሽ ኑርዬ ማደሪያ፣ ባለ ስምንት በር።
በየግድግዳው ላይ ነጭ ሣጥን ተሰቅሎ፣
ጣራው ላይ አንድ ሞተር፣ ወይፈን አህሎ።

የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ከኮምቦልቻ መጥቼ፣
ካታሎግ ገልጬለት፣ ትልቁን ነክቼ፣
የመዳብ ቧንቧውን በየክፍሉ ጎትቼ።
እሱም አልተከራከረ፦ "ሰኞ ገበያ ነው፤
ግመል ነጂው፣ ጨው ጫኙ፣ ሁሉም እንግዳዬ ነው።
ለሰኞ የሚበቃ፣ ከሰኞም የሚተርፍ ስጠኝ፤
ትልቅ ነገር አያንስም፤ ብቻ ከትንሽ ሰውረኝ።"

አያንስም፣ እውነት ነው።
ስምንቱም ክፍል ግን በአንድ ሌሊት ቢሞላ፣
ለዚያ ሞተር መክሰስ ነው፤ ሆዱን አይሞላ።
ይህን አውቅ ነበር።
ከትልቁ ሽያጭ የሚደርሰኝ እጥፍ መሆኑንም
አውቅ ነበር።

ሰኞ በሳምንት አንድ ናት።
ማክሰኞ ማታ አንድ ሹፌር ያድራል፤
ክፍል ሦስት ገብቶ ቁልፉን ይጫናል፤
ጣራው ላይ ወይፈኑ አግስቶ ይነሳል፤
ሁለት ደቂቃ ሮጦ፣ "በቃ" ብሎ ይተኛል።
ይነሳል።
ይተኛል።
ይነሳል።
ለአንድ ጣሳ ውሃ ቦርከናን መጥለፍ ነው።
አየሩ ይቀዘቅዛል እንጂ አይደርቅም፤
ወበቅ የሚለቀመው በዝግታ ነው፣ በሩጫ አይለቀምም።
አንሶላው እንደ ረጠበ ጨርቅ ገላ ላይ ይለጠፋል፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሹፌሩ ትራሱን ይዞ ወጥቶ
ጋቢናው ውስጥ ይተኛል።

የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር በጥቅምት ተቃጠለ፣
ሁለተኛው በጥር። ጋሽ ኑርዬ "መብራቱ ነው" አለ።
ዘበኛው ሙሄ "ዓይን ነው፣ ሰው በልቶት ነው" አለ።
እኔም ደረሰኝ እየቆረጥኩ፣
"መብራቱ ነው" አልኩ።

ሦስተኛው ሳይሞት፣ ድምፁ ታመመ ተብዬ በሰኔ ስመጣ፣
አመሻሽ ነበር፤ ዝናብ ጥሎ ግቢው ወበቅ ያወጣ።
የጽዳቷ ተዋቡ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ፣
የቁልፍ ዘለላዋን አንስታ "ና ላሳይህ" አለችኝ።
ክፍል አራትን ከፈተች። ማንም የለም። ይበርዳል።
ክፍል ስድስትን ከፈተች። ማንም የለም። ይበርዳል።
ክፍል ሰባት፦ ያልተነካ አልጋ፣ የታጠፈ ፎጣ፣
ለማንም ያልሆነ ብርድ።

"ሦስት ቁጥር ሰው አለ፤ የታመመች ልጅ ይዞ የመጣ።
ለሱ ብቻ ሳበራው ይቆማል፣ ይነሳል፤
በተነሳ ቁጥር ልጅቷ ትባንናለች።
ሦስት ባዶ ክፍል ስጨምርለት ግን ዝም ብሎ ይሄዳል።
ሥራ ስላገኘ ነው መሰለኝ።
ትልቅ ሰውም ሥራ ሲፈታ እንዲሁ ነው፤
እየተነሳ ሰው ይረብሻል።"

ማንም አላስተማራትም።
ስድስት ወር ሌሊት፣ መወልወያዋን ተደግፋ፣
በጆሮዋ ለካችው።

"ቆጣሪውስ?" አልኳት።
"ቆጣሪውማ ይቆጥራል፤
ባለፈው ወር ሁለት መቶ ብር ከደሞዜ ተቆርጧል።"
ከዚያ፣ ድምጿን ሳታነሳ፦
"ያኔ ስትመጣ ሜትር ይዘህ አይቼሃለሁ።
ቤቱን ነበር የለካኸው፣ ወይስ ኪሱን?"

ጣራው ላይ መውጣቴን ተውኩት።
ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ጫፉን እሷ ያዘችልኝ።
ክፍል አንድ፦ ሦስት ከሃያ በአራት፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ።
ክፍል ሁለት፦ ሦስት ከሃያ በሦስት ተኩል፣ ጥላ አለው።
ባለፍን ቁጥር ባዶውን እያጠፋች፣
በካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ እየጻፍኩ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጋሽ ኑርዬ ከደረጃው ሥር ሆኖ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣
"እሺ፣ የሚቀጥለው ከዚህ በስንት ይበልጣል?" አለ።
"ያንሳል" አልኩት። "በግማሽ ያንሳል።
ጥፋቱም የመብራት አይደለም፣ የኔ ነው።"

ይህን ስል ጣራው ላይ ሞተሩ ተነሳ፤
ቃሌን ዋጠው።
"ምን አልክ?" አለ፣ ጆሮውን በመዳፉ ይዞ።

ደግሜ ለመናገር
ሁለት ደቂቃ ጠበቅሁ።