ፊት መስጠት

የኡላንባታር ነፋስ ፊት አይሰጥም ለሰው፣
ከንፈሩን ይሰነጥቃል ጉንጩን እያረሰው።
ከትምህርት ቤቱ በር፣ ከመንገዱ ዳር ቆሜ፣
ፊሽካዬን ነክሼ፣ ቀይ ሰሌዳ ተሸክሜ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ፣ ልጆች ሳሻግር እውላለሁ፤
ማታ ቤቴ ገብቼ ስስቅ፣ ጉንጬ ሲሰነጠቅ እሰማለሁ።

ናራንቱል ገበያ፣ ከካልሲና ከባትሪ መሐል፣
አንዱ ሻጭ «እቴ፣ ይሄ እኮ» አለኝ «ተአምር ይሠራል፤
በሦስት ቀን ቆዳሽ የሙሽራ ይሆናል።»
ስምንት ሺህ ቱግሪክ። የሁለት ቀን ምሳዬ።
ሙሽርነት በዚህ ዋጋ ከተገኘማ፣ ወይ ጣጣዬ!

ገዛሁት፤ አልቀባሁትም። ጎረቤቴ ዱልማ ትዝ አለችኝ፣
ጽሑፍ የሌለው ብልቃጥ «ያቀላል» ብላ ያሳየችኝ።
በወሩ እውነትም ቀላች፣ እንደ ተቀቀለ ቀይ ሥር፤
ሐኪሙ ሜርኩሪ ነው አላት፤ ሻጩ ግን የለም በሰፈር።
ዛሬም ፎቶ ሲነሣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤
ርካሽ ነው ያለችውን እስከ ዛሬ ትከፍላለች።

ወደ ፋርማሲዋ ልጅ፣ ወደ ቦሎርቱያ ይዤው ሄድኩ።
መጀመሪያ ማኅተሙን፣ ቀጥላ ቀኑን አየች፣
ከዚያ በጥፍሯ ጫፍ እየተከተለች
ጉንዳን የሚያህለውን ጽሑፍ አነበበች፦
«ውሃ። ግሊሰሪን። ቫዝሊን። ፊት የተጻፈው ብዙው ነው፤
ኋላ የተጻፈው ጥቂት፤ ሽቶው ከጭራው ነው።»
«‹ተፈጥሯዊ› የሚለውስ?» አልኳት በጣቴ ጠቁሜ፤
«ሳማስ ተፈጥሮ አይደል?» አለች፤ ሳቅኩ ቁስሌን አስታምሜ።
«ወረቀት የጻፉበትን ይቀበላል፤ ክንድ ግን አይዋሽም፤
ሰባት ሌሊት ክንድሽን ቀቢ፤ ፊትሽ ከክንድሽ አይቀድምም።»

ከክርኔ በላይ፣ ስሱ ቆዳ ላይ፣ ምስር የምታህል ጠብታ፤
ማታ፣ ማታ።
አምስተኛው ሌሊት አሳከከኝ፤ ክንዴ ቀላ፤
«አንተም እንደዚያኛው!» ብዬ ቱቦውን ወደ ኋላ
ከአልጋው ሥር ወረወርኩት።
ጠዋት እጅጌዬን ስሰበስብ፣ ያልተቀባውም ክንዴ ቀልቷል፤
ለካ አዲሱ የሱፍ ሹራብ ነው ሁለቱንም የበላው።
ተንበርክኬ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ጎንበስ ብዬ
ከአቧራው መሐል አወጣሁት።
(ባሌንም አንድ ጊዜ እንዲህ ፈርጄበት ነበር፤
ያ ሌላ ወሬ ነው።)

ከዚያ ግራ ጉንጬን ቀባሁ፣ ቀኙን ፊት ነሳሁት፤
ፊቴን ለሁለት ከፍዬ ለነፋስ ዳኝነት ሰጠሁት።

የወንድሜ ሚስት ኤንኽጃርጋል ከሴኡል ያመጣችው
ከባድ የብርጭቆ ብልቃጥ አለ፣ በወርቅማ ክዳን የዘጋችው፤
ሁለት መቶ ሺህ። አገላብጬ ጀርባውን አየሁ፦
ውሃ። ግሊሰሪን። «ለካ ዘመዳሞች ናችሁ!»
ሌላም የማላውቀው አለበት፤ የማላውቀውን አልዳኝም፤
ብርጭቆውን ግን አውቀዋለሁ፤ ብርጭቆ ፊት ላይ አይቀባም።

በዘጠነኛው ቀን፣ በረዶው ሲንኳኳ ከእግር በታች፣
የሁለተኛ ክፍሏ ማራልጎዋ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለች፤
አንጋጣ አየችኝ፦
«አንድ ፊትሽ ይስቃል፣ አንድ ፊትሽ ተቆጥቷል፤
የቱን ነው የምንሰማው?»
አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፍቷል።

ሙሽራ አልሆንኩም። የዓይኔ ጥግ መስመሮችም አሉ፤
ሃያ ዓመት ልጅ የቆጠርኩባቸው ናቸውና አንሄድም አሉ።
ቀለሜም ያው ነው። ግራ ጉንጬ ግን ስስቅ አይደማም፤
ቱቦው ያደረገው ይህን ነው፤ ሻጩ ካለው ጋር አይስማማም።

ለእርግጠኝነት ወር ሙሉ ጠብቂ ብላኛለች ቦሎርቱያ።
ልክ ናት።
ቀኙ ግን ዛሬ ማታ ከመስታወቱ ውስጥ
ጥግ እንደ ቆመ የተቀጣ ልጅ አየኝ።
ፈተናው ይበላሽ አልኩ፤ ጣቴን ነከርኩ፤
ለእሱም ፊት ሰጠሁት።