ሰኔ ሳይገባ

ግንቦት ሊወጣ ሲል፣ ሰማዩ ሲከብድ፣
አይሱዙዋን ይዤ ሄድሁ አዘዞ፣ አዛናው ዘንድ።
«ምኗን ልይልህ?» አለ፤ ግሪስ ነው እጁ።
«ክረምቷን» አልሁት። ሳቀብኝ ልጁ።

የኋላ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቋል፣
እንዳረጀ ዳኛ ድድ ብቻ ቀርቷል።
የፍሬን ሸራውን በጥፍሩ ለክቶ
«ሊማሊሞ በዚህ?» አለኝ፣ ዓይኑን አንስቶ።
ዝም አልሁ።
ልጁ ጭነቱ ላይ ወጥቶ የሸራውን ቀዳዳ ቆጠረ፤
«ዘጠኝ!» አለ ከላይ። አስራ አንድ ነበረ።

የዝናብ መጥረጊያው ሞተሩ ከሞተ ሦስት ክረምት ሆኖታል፤
በሁለቱ መስኮት፣ ከክንዱ የታሰረ ገመድ ተዘርግቷል።
አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ዋኘው ይዘን፣
አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ እየተሳሳብን፣
ስንቱን የነሐሴ ጉም፣ ስንቱን ዶፍ አለፍን፤
በደነዘዘ ጣት፣ ዳባት ላይ፣ ሻይ ያዝን።

አሁን ዋኘው መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤
መተማ መስመር ላይ የራሱን ይነዳል።
ገመዱ ላይ ግን፣ በቀኝ በኩሉ፣
መዳፉ የጨበጠው ጠቁሯል ውሉ።

አዛናው አዲሱን ሞተር አስሮ፣ ገመዱን ሊቆርጠው ቢላውን ሳበ።
«ተው፣ ልፍታው!» አልሁ። ልጁ ፊቴን አይቶ ምን እንደነካኝ አሰበ።
ጠቅልዬ ከወንበሩ ስር፣ ከክሪኩ ጎን ከተትሁ፤
«መለዋወጫ ነው» ብዬ ለአዛናው ዋሸሁ።

ልጁ ከጀሪካን ቀድቶ መስታወቱ ላይ ውሃ ደፋ፤
መጥረጊያው ሄደ፣ መጣ፤ ሳይሳብ፣ ሳይለፋ።
ከሰዓት፣ በወገራ በኩል፣ ሰማዩ ጠቆረ፤
የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ
ግራ እጄ፣ ገመድ ፍለጋ፣ መስኮቱ ላይ ዞረ።