ካርድ ያልያዘ ካርድ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣
ስምንት ሰው ባንድ ክፍል፣ ሌሊት ከቀን ሳይለይ፣
ኮምፒውተሬን ካልጋ ጫፍ፣ ሆዱን ከፍቻለሁ፤
በሞባይሌ መብራት፣ አንጀቱን አያለሁ።

ግራፊክስ ካርዱማ፣ ትናንት የገዛሁት፣
አራት ወር ትርፍ ሰዓት፣ ቆሜ ያመጣሁት፣
ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ «ቀጭ» ብሎ ገብቶልኝ፤
ዝርዝሩ ላይ ግን የለም፣ ስሙ ጠፋብኝ።

ነቀልኩት፤ ጥርሱንም በላጲስ ወለወልኩ፣
ነፋሁበት፣ ሰካሁ፣ ድራይቨሩን ጫንኩ፣
ባዮስ ድረስ ገባሁ። ማሽኑ ወይ ፍንክች።

ሙህዲን ከጥበቃ ገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣
«ካርድ ሆኖ ሳለ፣ ካርድ አምጣ ተባለ?» ብሎኝ ሊስቅ፣
አጎንብሶ አየና፣ ጣቱን ቀሰረልኝ፤
«ይቺስ አፍ ክፍት ናት። ምን ትበላለች?» አለኝ።

ስምንት ቀዳዳ ናት፣ በካርዱ ትከሻ፤
ገመዷ ተጠቅልሎ፣ ቀርቷል ከሣጥኑ መጨረሻ።
እኔ ጠርጌ፣ ጠርጌ፣ ሥራ አዝዤ ደጋግሜ፣
ለካስ ምግብ ነስቼው ነው፣ እስካሁን መድከሜ።

ሰካሁ። ጨለመ።
መጣ! ስሙ ከነቁጥሩ።
ልነግረው ዞር ብል፣ ተኝቷል ሙህዲን፣ ጫማው እንዳለ በእግሩ፣
ራቱም እንደተከደነ፣
ካጠገቡ።